«ሊሠራ የማይወድ አይብላ»፦ ከተሰሎንቄ ማዕድ የተገኘ ቃልና ዛሬ የምንጥልበት ግማሹ

ባለፈው ታኅሣሥ የማኅበራችን ጽዋ በደረሰው ቤት ተሰብስበን፣ ዳቦው ተባርኮ ሊቆረስ ሲል የግቢው በር ተንኳኳ። ወጥተው ያነጋገሩት በዕድሜም በኑሮም የተከበሩ አንድ አባላችን ነበሩ፤ ጥቂት ቆይተው ብቻቸውን ተመለሱና «ጉልበት ያለው ወጣት ነው፤ የማይሠራ አይብላ ብሏል ቅዱስ ጳውሎስ» ብለው ቦታቸውን ያዙ። የተቃወመ ሰው አልነበረም፤ እኔም ዝም አልሁ፤ ዳቦውም ተቆረሰ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ የዚያን ቀን ዝምታዬ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ «የማይሠራ አይብላ» አላለም። በሁለተኛው የተሰሎንቄ መልእክት ምዕራፍ 3 ቁጥር 10 ላይ የሚነበበው «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» የሚል ነው፤ በመጀመሪያ የተጻፈበት የግሪክ ቃልም «ኡ ቴሌይ» ማለትም «አይፈቅድም፣ አይሻም» ይላል። የሚሠራው ያጣ፣ የታመመ፣ ያረጀ፣ ዓይኑ የጠፋ ሰው ሁሉ «የማይሠራ» ነው፤ ከእነዚህ አንዱ እንኳ ግን «ሊሠራ የማይወድ» አይደለም። በአነጋገራችን ያቺን «የማይወድ» የምትል ቃል ጥለን «የማይሠራ»ን ስንተካ፣ በሰነፍ ላይ የተነገረውን ቃል አንሥተን በድኻ ላይ እንጭነዋለን።

ቃሉ የተነገረባት ተሰሎንቄ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ315 ገደማ ንጉሥ ካሳንድሮስ የቆረቆራትና በሚስቱ፣ በታላቁ እስክንድር የአባት ልጅ እኅት ስም የጠራት የመቄዶንያ ወደብ ናት። በሮማውያን ዘመን የአውራጃው መናገሻ ነበረች፤ ከአድርያቲክ ባሕር ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚዘልቀው የኤግናጥያ ጎዳናም ስለሚያልፍባት ነጋዴው፣ በቅሎ ነጂው፣ ወታደሩና መጻተኛው ሁሉ ይገናኝባት ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ ከሲላስና ከጢሞቴዎስ ጋር ወደዚህች ከተማ የገባው እ.ኤ.አ. በ50 ገደማ ሲሆን፣ በአስተናጋጁ በኢያሶን ቤት ላይ ሕዝብ ተነሥቶ በሌሊት እስኪወጣ ድረስ የቆየበት ጊዜ ረጅም አልነበረም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን ስብከቱን ብቻ አይደለም ያሳያቸው። በመጀመሪያው መልእክቱ እንደሚያስታውሳቸው፣ በማንም ላይ ሸክም እንዳይሆን ሌሊትና ቀን በእጁ እየሠራ ነበር።

እጁ የሚያውቀው ሥራ ደግሞ ድንኳን መስፋት ነበር። የሐዋርያት ሥራ ይህን የሚነግረን ቆሮንቶስ በደረሰ ጊዜ፣ ቀላውዴዎስ ቄሣር አይሁድ ከሮም እንዲወጡ ባዘዘ ጊዜ ከተሰደዱት ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር አንድ ሙያ ስለ ነበረው አብሯቸው ተቀምጦ መሥራቱን ሲተርክ ነው። ድንኳን ሰፊ ማለት ጎንበስ ብሎ በወስፌና በወፍራም መርፌ ቆዳ ወይም ሸራ የሚሰፋ፣ ጣቱ የሻከረ፣ ልብሱ የሥራውን ሽታ የያዘ ሰው ማለት ነው። የሮም ጨዋዎች እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት ያዩት እንደ ነበር ለማወቅ የሮሙን ጸሐፊና የአገር መሪ ሲሴሮን ማንበብ ይበቃል፤ የእጅ ባለሙያ ሁሉ ሥራው ወራዳ እንደ ሆነና በሥራ ቤት ውስጥ ለጨዋ የሚገባ አንዳች ነገር እንደማይገኝ ጽፏል። ይህን ያነበበ ኢትዮጵያዊ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ እኛም ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ»፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን «ባለ እጅ» እያልን የላባቸውን ፍሬ እየተጠቀምን ስማቸውን ስድብ ያደረግን ሕዝብ ነን። ስለዚህ «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» ያለው አፍ የባለጸጋ አፍ አልነበረም። በዚያው ምዕራፍ እንደምናነበው፣ እንግዳ መምህር ሆኖ ሳይሠራ ሊበላ መብት እያለው መብቱን ትቶ ወስፌውን የያዘ ሰው ቃል ነው።

ቃሉ ከየት እንደ መጣ የሚሰጥ አንድ ግምት አለ፤ ይኸውም ከሐዋርያው በፊት በሥራ ቤቶች ይነገር የነበረ፣ ዋናው ባለሙያ ሰነፉን ደቀ መዝሙር ከምሳ የሚከለክልበት አባባል ነው የሚል ነው። መልካም ግምት ነው፤ እኔ ግን የማኅበር ደንብ ነው ባይ ነኝ፤ ይህንንም ያለ ምክንያት አልያዝሁትም።

በዚያ ዘመን በሮም ግዛት ከተሞች ውስጥ ድኻውና የእጅ ባለሙያው የሚጠለሉበት እልፍ ማኅበር ነበር። በተሰሎንቄ ራሷ ከተገኙት የድንጋይ ጽሑፎች አንዱ «የ18ኛው መንገድ ሐምራዊ ቀለም ነካሪዎች» የሚባሉ ማኅበርተኞች ከትያጥሮን ለመጣ የሙያ ጓደኛቸው ያቆሙት የመቃብር መታሰቢያ ነው። ስለ ማኅበራቱ ውስጣዊ ኑሮ ይበልጥ የሚናገረው ግን በሮም አጠገብ ካለችው ከላኑቪዩም የተገኘው የ136 ዓመት (እ.ኤ.አ.) የደንብ ጽሑፍ ነው። ወደ ማኅበሩ የሚገባ ሰው 100 ሰስተርስ የሚባል የሮም ገንዘብና አንድ እንስራ ጥሩ የወይን ጠጅ ያመጣል፤ በየወሩ 5 አስ የምትባለውን የመዳብ ሳንቲም ያዋጣል፤ ሲሞት ለቀብሩ 300 ሰስተርስ ይወጣለታል። ባሪያ የነበረ አባል ነጻ ሲወጣ እንስራ ወይን ጠጅ ያመጣል። በግብዣ ላይ ሁከት ለማንሣት ከመቀመጫው ወደ ሌላ መቀመጫ የሄደ 4፣ ጓደኛውን የሰደበ 12፣ የማኅበሩን አለቃ በማዕድ ላይ የሰደበ 20 ሰስተርስ ይቀጣል። መዋጮውን ለተከታታይ ወራት ያልከፈለ ደግሞ ቢሞት ቀባሪ የለውም። ይህን ሳነብ የሰፈራችን የእድር መዝገብ በፊቴ የተዘረጋ መሰለኝ፤ የአንዱ ከሌላው መወለድ ሳይሆን፣ ድኻ በየትም አገር ብቻውን እንዳይቀበር የሚፈልገው መላ አንድ መሆኑ ነው።

እነዚህ ደንቦች ሁሉ የተጻፉት በአንድ ዓይነት አነጋገር ነው፤ «ማንም እንዲህ ቢያደርግ፣ እንዲህ ይሁን» ይላሉ። የተሰሎንቄውን ቃል በግሪኩ ቅርጽ ብንፈታው «ማንም ሊሠራ ባይወድ፣ አይብላ» የሚል ይሆናል። ትእዛዙ የተነገረው ለሰነፉ አይደለም፤ ማዕዱን ለሚያሰናዱት ነው። ደግሞም ቃሉ ትርጉም የሚኖረው አብሮ የሚበላ ማኅበር ሲኖር ነው፤ እያንዳንዱ በየቤቱ የሚበላ ቢሆን ኖሮ ማን ማንን «አይብላ» ሊል ይችላል? የተሰሎንቄ ምእመናን በአንድ ሰው ቤት ወይም በአንድ ባለሙያ ሥራ ቤት እየተሰበሰቡ፣ ከየዕለቱ ገቢያቸው የመጣውን እንጀራ በጋራ የሚቆርሱ ሰዎች ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ሐዋርያው ለቆሮንቶስ ሲጽፍ የመቄዶንያን አብያተ ክርስቲያናት በጥልቅ ድህነታቸው ያነሣቸዋልና፣ እንዲህ ባለ ማዕድ ላይ አንድ ጉልበተኛ ያለ ሥራ ቢቀመጥ የሚጎድለው የሌላው ሕፃን ቁራሽ ነው።

በላኑቪዩም ማዕድ ላይ የሚያስቀምጠው መዋጮ ነበር፤ በተሰሎንቄ ማዕድ ላይ ያስቀምጥ የነበረው ፈቃድ ነው። ሳንቲም የሌለው እጁን ያመጣል፤ እጅ የከዳው ደግሞ ልቡን ያመጣል። ከሐዋርያው ዘመን መቶ ኀምሳ ዓመት ገደማ በኋላ የካርታጎው ክርስቲያን ጸሐፊ ጠርጡልያኖስ ስለ ክርስቲያኖች የወር መዋጮ ሲጽፍ፣ እያንዳንዱ ጥቂት ነገር የሚያስቀምጠው «ቢፈቅድና ቢችል ብቻ» እንደ ሆነ ይናገራል። ገንዘቡም ለግብዣና ለመጠጥ እንደማይውል ይገልጽና ድኾች የሚመገቡበትና የሚቀበሩበት፣ ወላጅ የሌላቸው ልጆች፣ ከቤት የዋሉ ሽማግሌ ባሮች፣ መርከብ የተሰበረባቸው ሰዎች የሚረዱበት መሆኑን ይዘረዝራል። ያው «ፈቃድ» እንደ ገና ተመለሰ።

ይህን ያህል ርግጠኛ ሆኜ የምናገረው ማዕዱን በልጅነቴ ስላየሁት ነው። በጎጃም ደጋ አያቴ ቤት ሳድግ፣ ኅዳር ላይ ጤፍ ሲደርስ ደቦ ይጠራ ነበር። ጎሕ ሳይቀድ ሠላሳ አርባ ሰው ማጭዱን ይዞ ይመጣል፤ በአንድ መስመር ተሰልፎ እየዘፈነ ያጭዳል፤ እኛ ልጆች ከኋላ ነዶ እንሰበስባለን፣ ውኃ እናመላልሳለን። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሴት አያቴ በመሶብ እንጀራ፣ በገንቦ ጠላ፣ በሰፌድ ንፍሮ ይዛ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ትመጣለች። መሶቡ እንደ ተከፈተ የመጀመሪያው ጉርሻ የሚሄደው ለአጫጆቹ አልነበረም። በማሳው ዳር፣ ከግራር ጥላ ሥር ዓይናቸውን ያጡ የኔታ ይቀመጡ ነበር፤ ጠዋት ተመርተው መጥተው ሲመርቁና ሲያበረቱ የዋሉ ናቸው። አያቴ በጉልበቷ ተንበርክካ ታጎርሳቸዋለች፤ እርሳቸውም አኝከው ሳይጨርሱ «የመከር ጌታ ይባርክሽ» ይሏታል። ከዚያ ወንድ ልጅ የሌላት ጎረቤታችን ትቀጥላለች፤ ወንፈል የምትመልስበት ጉልበት እንደሌላት እየታወቀ የእርሷም ማሳ በማግሥቱ በዚያው ደቦ ይታጨድ ነበር።

አንድ ጎልማሳ ግን ትዝ ይለኛል፤ ማጭድ ሳይዝ ምግብ ሰዓት ላይ ብቻ የሚደርስ። ወንድ አያቴ አላባረረውም። «ና ተቀመጥ፤ ማጭድህን ማን ወሰደብህ?» ብሎ ጠየቀው፤ የደቦው ሰው ሁሉ ዝም አለ። ጎልማሳው አልተቀመጠም፤ ተመልሶ ሄደና ከሰዓት በኋላ ማጭድ ይዞ በመስመሩ ጫፍ ገባ። ማታ ከሁላችንም ጋር በላ። መልእክቱም ከዚያ ብርቱ ቃል ጥቂት መስመር ዝቅ ብሎ፣ ያልታዘዘውን ሰው «እንደ ወንድም ገሥጹት እንጂ እንደ ጠላት አትቁጠሩት» ይላል። ይህን ሁለተኛ ክፍል ሲጠቀስ የሰማ ግን እምብዛም የለም።

ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያንም ቃሉን የተረዳችው እንዲሁ ነበር። ዲዳኬ የሚባለው የጥንት የሥርዓት ጽሑፍ በምዕራፍ 12 ስለ እንግዳ ሲናገር፣ መንገደኛ ከሆነ የቻላችሁትን ያህል እርዱት፣ ካስፈለገም ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይሰንብት ይላል። ሊቀመጥ ቢወድና ሙያ ቢኖረው ሠርቶ ይብላ፤ ሙያ ባይኖረው ግን ሥራ ፈት ሆኖ እንዳይኖር እናንተው በማስተዋላችሁ መላ ፈልጉለት ብሎ ያዝዛል። እንዲህ ለማድረግ «ባይፈቅድ» ብቻ በክርስቶስ ስም የሚነግድ ነው ይለዋል። «መላ ፈልጉለት» የሚለው ትእዛዝ የወደቀው በማኅበሩ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። የዲዳኬ ሙሉ የግሪክ ቅጅ እስከ 1873 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ጠፍቶ ነበር፤ ይህ ስለ እንግዳ የሚናገረው ክፍል ግን በእኛው በግዕዙ የሥርዓት መጽሐፍ በሲኖዶስ ውስጥ ተጠብቆ ቆይቷል። በ251 (እ.ኤ.አ.) ገደማም የሮሙ ኤጲስ ቆጶስ ቆርኔሌዎስ ለአንጾኪያው ፋብዮስ በጻፈው ደብዳቤ፣ የሮም ቤተ ክርስቲያን ከ1500 የሚበልጡ መበለቶችንና ችግረኞችን እንደምትመግብ ገልጿል። እነዚህ ሁሉ በአነጋገራችን ሚዛን «የማይሠሩ» ነበሩ።

«የማይወድ» ከአፋችን መቼ እንደ ወደቀ የእኔ ግምት ይህ ነው። የ1918ቱ (እ.ኤ.አ.) የሶቭየት ሩሲያ ሕገ መንግሥት «የማይሠራ አይበላም» የሚለውን መፈክር አድርጎ አወጀው፤ የ1936ቱም (እ.ኤ.አ.) ደገመው። እነርሱ ያነጣጠሩት በሌላው ላብ በሚኖረው ባለሀብት ላይ ነበር፤ «ፈቃድ» የሚለውን ግን አውጥተውታል። በደርግ ዘመን መፈክሩ ከዚያ ወደ ጆሯችን ገባ፣ የመጽሐፉን ቃልም በውስጣችን ሸፈነው እላለሁ። ያም ሆነ ይህ ዛሬ ቃሉን የምሰማው በባለሀብት ላይ ሲነገር አይደለም። ከሥራ የተቀነሰ አባት፣ ተመርቆ ሦስት ዓመት ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የቆመ ልጅ፣ ከገጠር ተፈናቅላ የመጣች እናት በዚህ ቃል ሲመቱ እሰማለሁ፤ የሚመቱትም ብዙ ጊዜ እንደ እኛ ጠግበን በተቀመጥን ሰዎች ነው። ቅዱስ ጳውሎስን የሚጠቅስ ሰው ቃሉን በሙሉ ይጥቀስ፤ ከመጥቀሱም በፊት የቆመውን ሰው ፈቃዱን ይጠይቀው።

የዚያን ቀን ጽዋው አልቆ ስንወጣ የቤቱን ባለቤት ወጣቱ ምን ብሎ እንደ ነበር ጠየቅኋቸው። በር ሲከፈት አብረው ቆመው ነበርና ሰምተውታል። «ጋሼ፣ ለድግሱ የሚፈለጥ እንጨት ይኖራል?» ነበር ያለው።