ትሬንድላይን ምንድን ነው?

የጎጃም እህል ነጋዴ የጤፍ ዋጋ በውቂያ ሰሞን እንደሚረክስ፣ ክረምቱ ሲቃረብ ደግሞ እንደሚወደድ ያውቃል። የየገበያውን ቀን ዋጋ ደብተሩ ላይ በነጥብ ቢያስቀምጥና ዝቅ ያሉትን በማስመሪያ ቢያያይዛቸው፣ ከጥር ወዲህ ሽቅብ የሚወጣ መስመር ሊያገኝ ይችላል። የአክሲዮን ተንታኞች ትሬንድላይን ወይም የአዝማሚያ መስመር የሚሉት ይህንኑ ነው።

ዋጋ ቀጥ ብሎ አይወጣም። ይወጣል፣ ትንሽ ይመለሳል፣ ደግሞ ይወጣል። የተመለሰበት ቦታ ሁሉ ከቀድሞው ከፍ እያለ ከሄደ ገበያው ወደ ላይ አዘንብሏል። ያኔ መስመሩ ከታች ይሰመራል፣ ዝቅተኛ ዋጋዎቹን እያያዘ። ገበያው ሲወርድ ግን ከላይ ነው፤ የሚያያዙትም ከፍተኛዎቹ ናቸው።

አንድ አክሲዮን በ1ኛው ሳምንት እስከ 100 ብር ወርዶ ተነሣ እንበል። በ5ኛው ሳምንት ደግሞ እስከ 112 ብር ብቻ ወርዶ ተነሣ። ሁለቱን ስናያይዝ መስመሩ በሳምንት 3 ብር ይወጣል። በ9ኛው ሳምንት 124 ላይ ይሆናል ማለት ነው። ዋጋው እዚያ አካባቢ ወርዶ እንደገና ከተነሣ መስመሩ ቁም ነገር አለው። ሁለት ነጥብማ ማንም ያያይዛል፤ ፈተናው ሦስተኛው ነው።

ለምን እዚያ ይነሣል? ባለፈው ሲረክስ ሳይገዛ ያመለጠው ሰው አሁን ይገባል። ብዙ ሰው ያንኑ መስመር ስለሚያይም እዚያው ጠብቆ ይገዛል።

መስመሩ አንድ ቀን ይሰበራል፤ ዋጋው ከመስመሩ በታች ይወርዳል ማለት ነው። በቀኑ መሃል ለአፍታ ሾልኮ መመለሱ ብዙም አይቆጠርም፤ ዋናው የመዝጊያ ዋጋው፣ ማለትም የቀኑ የመጨረሻ ዋጋ ነው። የተሸጠው አክሲዮን ብዛት አብሮ ከጨመረ ስብራቱ ይበልጥ ይታመናል። ከዚያ በኋላ ከታች ይደግፍ የነበረው መስመር ብዙ ጊዜ ከላይ ጣሪያ ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የቻርቱን፣ ማለትም ዋጋው በነጥብ የሚቀመጥበትን ሥዕል፣ ልኬት ነው። በተራው ልኬት ከ10 ወደ 20 መውጣትና ከ100 ወደ 110 መውጣት እኩል ቁመት አላቸው። አንዱ እጥፍ ነው፣ ሌላው 10 በመቶ! ሎጋሪትሚክ ልኬት በመቶኛ ስለሚለካ ያው መስመር እዚያ ሌላ ቦታ ላይ ይሰበራል። ለዓመታት ዋጋ ይኸኛው ይሻላል።

ቴሌግራም ላይ መስመር አስምረው «ነገ ይፈነዳል» የሚሉትን ግን ልብ በሉ። አንዳንዱ መስመሩ እስኪገጥምለት ድረስ ያጋድመዋል። ደግሞም የጤፍ ነጋዴው ዋጋው ለምን እንደሚወጣ ያውቃል፤ መስመሩ ምክንያት አይናገርም።

እኛ አገርስ? የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ነዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ያለ ሰው የያዘው የባንክ አክሲዮን ገበያው ላይ ካልተመዘገበ የየቀን ዋጋ ስለሌለው የሚሰመርበት ነጥብ የለም። የተመዘገበውም ቢሆን ግብይቱ ጥቂት ከሆነ አንድ ትልቅ ሻጭ ብቻውን ዋጋውን ሊያወርደው ይችላል። እንዲህ ባለው አክሲዮን ላይ ከማስመሪያው ይልቅ የባንኩን ዓመታዊ ሪፖርትና የትርፍ ድርሻውን ማየት ይሻላል።