ዝምታ በመድረክ ላይ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጎንደር ላይ ዘመናዊ ተውኔት ይዞ ልምምድ የሚጀምር የቴአትር ክበብ «ፋታ» እና «ዝምታ» የሚሉትን የመድረክ መመሪያዎች ለመሰረዝ ይቸኩላል። ተውኔቱ ያጥራል፤ ነገሩም አብሮ ይሄዳል። ከስረዛው ጀርባ ያሉት አመለካከቶች እነዚህ ናቸው።

«ዝም የሚሉት ስለማይግባቡ ነው»

ብዙውን ጊዜ ከልክ በላይ ስለተግባቡ ነው። በ1904 እ.ኤ.አ. ለመድረክ በበቃው የሩሲያዊው ጸሐፌ ተውኔት የቼኾቭ «የቼሪ አትክልት ሥፍራ» አራተኛ ገቢር ሎፓኺን ቫርያን ለጋብቻ ይጠይቃታል ተብሎ ሁለቱ ብቻቸውን ይተዋሉ። እሷ ከጓዙ መሀል ዕቃ የጠፋባት ትመስላለች። እሱ ወዴት እንደምትሄድ ይጠይቃታል፤ ቀጥሎ ስለ ብርዱ ያነሳል፣ ከዜሮ በታች ሦስት ዲግሪ ነው ይላል። ቴርሞሜትራችን ተሰብሯል ትለዋለች። ፋታ። ከውጭ ሰው ሲጠራው እንደተገላገለ ሆኖ ይወጣል። ጥያቄው አልተጠየቀም፤ መልሱን ግን ሁለቱም ሰምተዋል።

የእኛ ተዋናይ ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። ባልና ሚስት ተኳርፈው፣ ባል እዚያው ተቀምጦ ሳለ «አባትህን ቡናው ቀርቧል በለው» የሚባልበትን ቤት ያውቃል።

አዘጋጁ ለእያንዳንዱ ፋታ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ማን ጀመረው? ምን ሊል ነበር? ማን ቀድሞ ተሸነፈና ተናገረ? መልሱ በእርሳስ ከጽሑፉ ዳር ይሰፍራል። መልስ ያልተገኘለት ፋታ ቃሉ የጠፋበት ተዋናይ ይመስላል።

«ብዙ የሚያወራ ገጸ ባሕርይ ዝም አላለም»

እንግሊዛዊው ጸሐፌ ተውኔት ሃሮልድ ፒንተር በ1962 እ.ኤ.አ. ባደረገው ንግግር ሁለት ዓይነት ዝምታ አለ ብሏል፤ አንዱ ቃል የማይወጣበት፣ ሌላው ቃል እንደ ጎርፍ የሚወርድበት። የጎርፉ ሥራ ከስሩ ያለው እንዳይሰማ መሸፈን ነው። በአሽሙር ላደገ ጆሮ ብዙም አዲስ አይደለም።

«ሦስት ነጥብ፣ ፋታና ዝምታ ልዩነታቸው የሰከንድ ብቻ ነው»

የፒንተርን ተውኔቶች ያዘጋጀው ፒተር ሆል ሦስቱን ለያይቶ ነበር የሚሠራው። ሦስት ነጥብ ተናጋሪው ተጨንቆ ቃል የሚፈልግበት ነው። ፋታ ላይ አለመናገሩ ራሱ ንግግር ይሆናል፤ ያስፈራራል፣ ይሸሻል። ዝምታ ግን ቀውስ ነው፤ ሰውየው ከገባበት ሌላ ሆኖ ይወጣል።

በአማርኛ ሦስቱ ነጥቦች የበለጠ ጉልበት አላቸው። ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ «እኔ እኮ ቤቱን...» ብሎ የቆመ ሰው ይሽጠው አይሽጠው አይታወቅም። ተርጓሚው ግሱን አስቀድሞ ካስገባው ነጥቦቹ ጌጥ ሆነው ይቀራሉ።

ለልምምድ መጀመሪያ ትዕይንቱን ያለ ፋታ ወጥ አድርጎ ማንበብ ነው። በሁለተኛው ዙር በየፋታው ያልተነገረውን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብሎ መናገር፣ በሦስተኛው ያንኑ በልብ ብቻ ማለት። ርዝመቱ ከዚህ ይወጣል። መነሻ የግድ ካስፈለገ ለፋታ ከ2 እስከ 3፣ ለዝምታ ከ5 እስከ 8 ሰከንድ ይያዝ፤ ነገር ግን በልቡ የሚቆጥር ተዋናይ ዓይኑ ያሳብቅበታል። ከዚህ የባሰው ጓደኛውን «ሊያድን» ከራሱ ቃል የሚጨምረው ነው። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ከልክሉ።

«የማይናገር ተዋናይ ሥራ የለበትም»

በስዊድናዊው ጸሐፌ ተውኔት በስትሪንድበርግ «ብርቱዋ» (1889 እ.ኤ.አ.) ሁለት ሴቶች ይገናኛሉ፤ አንዷ ብቻ ትናገራለች። ሌላዋ ትስቃለች፣ ታያታለች፣ ልትናገር ብላ ትተዋለች። ተናጋሪዋ ከዚያ ዝምታ ነው ባሏ ከዚህች ሴት ጋር እንደነበረ የምትደርስበት። ከሁለቱ ብርቱዋ ማን እንደሆነች ዛሬም ያከራክራል። እንዲህ ያለውን ሚና ለጀማሪ መስጠት ስህተት ነው።

«የጎንደር ተመልካች ዝምታ አይችልም»

አዝማሪ ቤት «ተቀበል!» ብሎ ግጥም መወርወር የለመደ ተመልካች ክፍተት ሲያገኝ ይሞላዋል። ይህ ንቁነት እንጂ ጉድለት አይደለም። ረጅሙን ዝምታ በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች አታምጡት፤ አጫጭር ፋታዎች ያለማምዱት። አዳራሹንም ትርኢቱ በሚታይበት ሰዓት ገብታችሁ አዳምጡት፤ ጠዋት ያማረ የ8 ሰከንድ ዝምታ ማታ ጄኔሬተር ሲነሳ ወይም ባጃጅ ጥሩንባ ሲነፋ ይሞታል። መብራት የሚይዘው ሰው ደግሞ ካልተነገረው ትዕይንቱ አለቀ ብሎ ያጨልማል። ስለዚህ በእሱ ቅጂ ላይ በየዝምታው ትይዩ «መብራት አይነካ» ተብሎ ይጻፍ።