“ሥራ የላትም፣ ቤት ነው የምትውለው” እና ሌሎች ስለ ፍሪላንስ የሚባሉ ነገሮች

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ቤቴ ሆኜ ጽሑፍ እተረጉማለሁ። ከታች ፎቅ ያለው ጎረቤቴ ሴራሚክ ያነጥፋል። እኔን “ፍሪላንሰር” ይሉኛል፣ እሱን “የቀን ሠራተኛ”። ልዩነታችን እኔ ላፕቶፕ፣ እሱ ግራይንደር መያዛችን ነው። ሁለታችንም ሥራ ሲገኝ እንሠራለን፣ ሲጠፋ ስልካችንን እያየን እንውላለን። ስለ እኛ ከሚባለው ውስጥ ጥቂቱን ላንሳ።

“ሥራ የላትም፣ ቤት ነው የምትውለው።”

ቆጣሪ አንባቢ ሲመጣ በር የምከፍተው እኔ ነኝ። ቁልፍ የረሳ የጎረቤት ልጅም እኔ ጋ ነው የሚቆየው። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ስሠራ ግን የሚያየኝ ሰው የለም። በዚህ ላይ ብዙ አልከራከርም።

“አለቃ የለብሽም፣ ነፃ ነሽ።”

አለቃማ አለ። እንዲያውም ሦስት አራት ናቸው፣ እርስ በርስ አይተዋወቁም፣ ሁሉም ሥራውን ለሰኞ ይፈልጉታል። ነፃነቱ ውሸት ነው አልልም። ጠዋት 12 ሰዓት ታክሲ ተራ አልሰለፍም፤ ከዚህ ሰፈር መሀል ከተማ መመላለስን የሚያውቅ ይሄ ምን ያህል እንደሆነ ይገባዋል። ልጄ ሲታመም ማንንም አላስፈቅድም። ግን የዚያን ቀን የሚከፍለኝም የለም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለተቀጣሪ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ለወላድ እናት ደግሞ 120 ቀን ከነደሞዙ። ይኸው አዋጅ በራሱ የሙያ ኃላፊነት፣ በዋጋ የሚሠራን ሰው አይመለከትም። እኔን ማለት ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። አሠሪ በየቀኑ እያዘዘና እየተቆጣጠረ የሚያሠራው ጉልበት ሠራተኛ ከእኔ ይለያል። “አንተ እኮ የቀን ነህ” ስለተባለ ብቻ ከሕጉ አይወጣም።

“የቀን ሒሳቡ ከደሞዝተኛ ይበልጣል።”

ዋናው ይሄ ነው። ጎረቤቴ በካሬ ተነጋግሮ ነው የሚሠራው። ለስሌት ያህል በቀን 1,500 ብር ይደርሰዋል እንበል። ሰው ይህንን በወሩ 26 የሥራ ቀን ያባዛና “39,000 ብር!” ይላል። ግን አንዱን ቤት ጨርሶ ሌላው እስኪገኝ ቀናት ያልፋሉ። ባለቤቱ ሴራሚክ እስኪገዛ ይጠብቃል። ክረምት ሲገባ ቤት የሚያስጨርስ ሰው ይቀንሳል። በወር 14 ቀን ቢሠራ 21,000 ብር ነው። ከዚያ ላይ የረዳቱ፣ የመቁረጫ ዲስኩ፣ የትራንስፖርቱ ይወጣል። የደላላ ድርሻ ያለበት ጊዜም አለ።

ደሞዝተኛው ላይ ደግሞ የማይታይ ገንዘብ አለ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ለጡረታ 7 በመቶ ከደሞዙ ሲቆረጥ፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርለታል። ለጎረቤቴ የሚጨምርለት የለም። ጉልበቱ ከከዳው ያው ነው፤ ሴራሚክ ደግሞ ቀድሞ የሚጨርሰው ጉልበትን ነው።

ታዲያ ለምን አይቀጠርም? ጠይቄው ነበር። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሥራ ሲደራረብ በሁለት ወር የሚያገኘውን የትኛውም ደሞዝ አይሰጠውም። እሱም ልክ ነው። ጥያቄው የኅዳሩ ገንዘብ ሐምሌን ይሻገራል ወይ ነው።

“በዶላር የሚከፈለው ሀብታም ነው።”

ሐምሌ 2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ያኔ ያልደወለልኝ ዘመድ የለም። እውነት ነው፣ የውጭ ደንበኛ ያለው ተጠቅሟል። ግን እንደ አፕወርክ ያሉት፣ ፍሪላንሰርን ከደንበኛ የሚያገናኙ ድረ ገጾች፣ ከክፍያው ላይ ይቆርጣሉ። ለሥራ ለማመልከትም ኮኔክት የሚባለውን የማመልከቻ ነጥብ ገዝተሽ ነው፣ ብትመረጪም ባትመረጪም። ፔይፓል እዚህ ገንዘብ መቀበያ አይሆንም፤ ብዙዎቻችን ፔዮኒር በሚባል ሌላ የኢንተርኔት ክፍያ አገልግሎት ነው የምናስገባው። የኔ ላፕቶፕ ቢበላሽ ደግሞ ዋጋው ከዶላሩ ጋር ወጥቶ ይጠብቀኛል። መብራት የጠፋ ቀንማ አይወራ።

“የምናውቀው ሰው ነው፣ ውል ምን ያደርጋል?”

በዚህ ተቀጥቻለሁ። በዘመድ የመጣ ደንበኛ ነበር፣ 40 ገጽ። ስለ ገንዘብ ማንሳት አሳፈረኝና “ኧረ ችግር የለም” አልኩ። ሥራውን ላኩ። “ነገ” አለኝ። ከዚያ ስልክ ማንሳት ተወ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የቃል ውልም ውል ነው፤ ማስረዳቱ ላይ ነው ጣጣው። አሁን ምን እንደምሠራ፣ መቼ እንደማስረክብና ስንት እንደሚከፈለኝ በቴሌግራም ጽፌ “እሺ” እስኪሉኝ አልጀምርም። ግማሹን ቀድሜ እቀበላለሁ። ጎረቤቴ ይህንን ከእኔ በፊት ያውቅ ነበር፤ ቀብድ ሳይቀበል ሲሚንቶ አያቦካም።

“ገቢው ስለማይታወቅ ዕቁብ አይሆንም።”

ባንክ ብድር ስትጠይቂ የደሞዝ ማስረጃ አምጪ ማለቱ እውነት ነው። ዕቁብ ግን ይሆናል፤ መጣያውን ከደካማው ወር አንጻር መምረጥ ነው። እኔ በየሳምንቱ ትንሽ የሚጣልበት ገብቻለሁ። ሰብሳቢውን ዕጣዬን ሰኔ ላይ እንዲያደርግልኝ ለምኜው ነበር። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው አለኝ።