የባህርይ ኒውሮሳይንስ የዶክትሬት ትምህርት

የባህርይ ኒውሮሳይንስ አንጎልና የነርቭ ሥርዓት ትውስታን፣ ፍርሃትን፣ ረሃብን፣ እንቅልፍን፣ ሱስንና ሌሎች ባህርያትን እንዴት እንደሚያስገኙ የሚያጠና የሳይንስ ዘርፍ ነው። በሥነ ልቦናና በሥነ ሕይወት መካከል የበቀለ በመሆኑ በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በሥነ ልቦና ትምህርት ክፍል ሥር፣ በሌሎች ደግሞ በሕክምና ትምህርት ቤት ወይም ራሱን በቻለ የኒውሮሳይንስ ፕሮግራም ውስጥ ይሰጣል፤ ባዮሎጂያዊ ሥነ ልቦና የሚለው የቆየ ስሙም እስካሁን አልጠፋም። በዘርፉ የሚሰጠው ዶክትሬት የምርምር ዲግሪ ሲሆን ሕመምተኛ የማከም ፈቃድ አያስገኝም። የሚጠይቀው ዋና ነገር ተማሪው ከዚህ በፊት መልስ ያላገኘን አንድ ጥያቄ ለይቶ፣ በራሱ ሙከራ መርምሮ፣ የደረሰበትን ለሌሎች ባለሙያዎች ትችት ማቅረብ መቻሉን ነው።

የዘርፉ ታሪክ የአማካሪና የተማሪ ሰንሰለት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ካርል ላሽሊ ትውስታ በአንጎል ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ለማወቅ የአይጦችን የአንጎል ቅርፊት በተለያየ ቦታና መጠን እየቆረጠ ለብዙ ዓመታት ቢፈልግም አንድ የተወሰነ ቦታ ሳያገኝ ቀረ። በእርሱ አማካሪነት እ.ኤ.አ. በ1936 ከሃርቫርድ ዶክትሬቱን የያዘው ዶናልድ ሄብ፣ አብረው በተደጋጋሚ የሚነቁ የነርቭ ሕዋሳት ግንኙነታቸው እየጠነከረ እንደሚሄድና መማርም በዚህ መንገድ እንደሚከናወን የሚገልጸውን ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1949 አቀረበ። የሄብ ተማሪ የነበረችው ብሬንዳ ሚልነር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1952 በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን አጠናቀቀች፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1953 የሚጥል በሽታውን ለማስታገስ በተደረገለት ቀዶ ሕክምና ከሁለቱም የአንጎሉ ጎኖች ሂፖካምፐስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል ትልቅ ድርሻ የወጣለትን ሄንሪ ሞላይሰንን ማጥናት ጀመረች። ይህ ሰው ከአፍታ በፊት የተዋወቀውን ሰው አያስታውስም ነበር። ነገር ግን እጁን በመስታወት ውስጥ ብቻ እያየ የኮከብ ቅርጽን በእርሳስ እንዲከተል ሲደረግ፣ ቀድሞ መለማመዱን ፈጽሞ ሳያስታውስ ከቀን ወደ ቀን ስሕተቱ እየቀነሰ ሄደ። ትውስታ አንድ ወጥ ነገር አለመሆኑን ካሳዩት ማስረጃዎች መካከል ይህ እጅግ ጎልቶ የሚጠቀስ ነው፤ ለሙከራውም ወረቀት፣ እርሳስና መስታወት በቂ ነበሩ። ዛሬ ወደ ዘርፉ የሚገባ ተማሪ የመሣሪያው ብዛት ሲያስደነግጠው ይህን ቢያስታውስ ይጠቅመዋል።

የትምህርቱ ርዝመትና አደረጃጀት እንደየአገሩ ይለያያል። በአሜሪካ ተማሪው ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ መግባት ስለሚችል ትምህርቱ አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይም 6 ዓመት ይፈጃል፤ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ግን የማስተርስ ዲግሪ ይቀድምና ዶክትሬቱ ከ3 እስከ 4 ዓመት ይወስዳል። በርካታ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርቱን ክፍያ ሸፍነው ለተማሪው የኑሮ ድጎማ ይሰጣሉ፤ በምላሹም ማስተማር ወይም በቤተ ሙከራ መሥራት ይጠበቅበታል። አመልካቾች ከሥነ ልቦናና ከሥነ ሕይወት ብቻ ሳይሆን ከፊዚክስ፣ ከምሕንድስናና ከኮምፒውተር ሳይንስም ይመጣሉ። በቅበላ ወቅት ከፍተኛ ክብደት ከሚሰጣቸው ነገሮች አንዱ አመልካቹ ቀደም ሲል በቤተ ሙከራ ውስጥ መሥራቱ ነው፤ ሙከራ ሲበላሽ ምን እንደሚመስል አይቶ አሁንም ልቀጥል የሚል ሰው የሚገባበትን ያውቃል።

ከሁሉም የሚከብደው ውሳኔ የአማካሪ ምርጫ ነው። በብዙ የአሜሪካ ፕሮግራሞች ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት በሁለት ወይም በሦስት ቤተ ሙከራዎች ለጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት እየተዘዋወረ ይሠራና በኋላ አንዱን ይመርጣል፤ በአውሮፓ ግን ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ ለአንድ አማካሪና ለአንድ የምርምር ርዕስ ይመደባል። የአማካሪው ዝና ዓይን ይስባል። ሆኖም የቀድሞ ተማሪዎቹ በስንት ዓመት እንደጨረሱ፣ በወር ስንት ጊዜ እንደሚያገኛቸው፣ የታሰበው ውጤት ሳይገኝ ሲቀር ምን እንደሚላቸው በቤተ ሙከራው ያሉትን ተማሪዎች ለብቻቸው አግኝቶ መጠየቅ ከዝናው ይልቅ ብዙ ይናገራል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የነርቭ ሥርዓት አወቃቀር፣ የነርቭ ሕዋሳት ፊዚዮሎጂ፣ የመድኃኒቶች አሠራር፣ ስታቲስቲክስና የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ በክፍል ውስጥ ይሰጣሉ። የትምህርቱ እውነተኛ ክብደት ያለው ግን ባህርይን በመለካት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ሪቻርድ ሞሪስ ያስተዋወቀው የውሃ ሙከራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ክብ ገንዳ በደፈረሰ ውሃ ይሞላል፤ ከውሃው ገጽ ጥቂት ዝቅ ብሎ ለዓይን የማይታይ መቆሚያ ይቀመጣል። ውሃ ውስጥ የተለቀቀው አይጥ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ያሉትን ምልክቶች እያየ መቆሚያውን ይፈልጋል፤ በቀናት ልምምድም ፍለጋው ያጥራል። ሂፖካምፐሱ የተጎዳ አይጥ ሲዘገይ ያየ ጀማሪ ተማሪ «ትውስታው ጠፍቷል» ብሎ ለመጻፍ ይቸኩላል። ግን አይጡ ዓይኑ ደክሞ፣ ጉልበቱ ዝሎ ወይም ከፍርሃት ብዛት የገንዳውን ጠርዝ ብቻ ታክኮ ሲዋኝ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መቆሚያው ከውሃው በላይ እንዲታይ ተደርጎ ይሞከራል፤ የመዋኛ ፍጥነቱ ይለካል፤ በመጨረሻም መቆሚያው ጨርሶ ይነሣና አይጡ ቀድሞ በነበረበት የገንዳው ሩብ ውስጥ ምን ያህል ጊዜ ሲፈልግ እንደቆየ ይታያል። እንስሳው ያደረገውን እኛ አደረገ ብለን ከገመትነው መለየት የዚህ ዲግሪ ልብ ነው፤ ይህን ያልተማረ ሰው የቱንም ያህል የረቀቀ መሣሪያ ቢይዝ ውጤቱ አያስተማምንም።

ጥንቃቄው ከሙከራው በፊት ይጀምራል። አይጦች ንቁ የሚሆኑት በጨለማ ስለሆነ በብዙ ቤተ ሙከራዎች የመብራቱ ሰዓት ተገልብጦ ተማሪው በደብዛዛ ቀይ ብርሃን ይሠራል፤ እንስሳቱ እጁን እንዲለምዱም ለቀናት በየዕለቱ እያነሣ ይይዛቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት የወንድ ተመራማሪዎች ጠረን እንኳ በአይጦች ላይ ጭንቀት ፈጥሮ የሕመም ምላሻቸውን እንደሚቀንስ አሳይቷል። የሙከራ መዝገቡ ላይ ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን እንስሳውን ማን እንደያዘው ጭምር መጻፍ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የአንጎል ቀዶ ሥራ ሌላው የእጅ ሙያ ነው። ሆርስሊና ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1908 ከገለጹት መሣሪያ የመጣው፣ ስቴሪዮታክሲክ የሚባለው መያዣ፣ የማደንዘዣ መድኃኒት የተሰጠውን እንስሳ ጭንቅላት ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ተማሪው የራስ ቅል አጥንቶች የሚገናኙበትን ብሬግማ የሚባለውን ነጥብ መነሻ አድርጎ፣ በአንጎል ካርታ እየተመራ፣ ኤሌክትሮዱን ወይም ቀጭኑን መርፌ ወደ ተፈለገው ቦታ ያወርዳል። እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ብርሃን የሚሰማው ፕሮቲን በተመረጡ የነርቭ ሕዋሳት ውስጥ እንዲፈጠር አድርጎ በብርሃን ጨረር ማንቃት ስለተቻለ፣ የዚህ ሥራ ጥቅም ይበልጥ ሰፍቷል። ጥናቱ ሲያበቃ አንጎሉ በስስ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል፤ መርፌው ቦታውን ስቶ ከተገኘ ለወራት የሠለጠነው እንስሳ ውጤት ከትንታኔው ይወጣል። የሚመረምረውም ሰው እንስሳው ከየትኛው ቡድን እንደሆነ እንዳያውቅ ይደረጋል፤ አለበለዚያ ምኞቱ ዓይኑን ይመራዋል።

በእንስሳት ላይ መሥራት የኅሊና ጥያቄም ነው። ዊልያም ራስልና ሬክስ በርች እ.ኤ.አ. በ1959 ያቀረቧቸው ሦስት መርሆች፣ ማለትም እንስሳትን በሌላ ዘዴ መተካት፣ ቁጥራቸውን መቀነስና ሥቃያቸውን ማቅለል፣ ዛሬ በብዙ አገሮች የሕግና የሥነ ምግባር ግምገማ መሠረት ናቸው። ተማሪው ሙከራውን ከመጀመሩ በፊት ስንት እንስሳት ለምን እንደሚያስፈልጉ፣ ሕመማቸው በምን እንደሚታገሥና ሙከራው በምን ምልክት እንደሚቋረጥ ጽፎ ለገምጋሚ ኮሚቴ ያቀርባል። ለወራት የተንከባከበውን እንስሳ በገዛ እጁ መግደል የሚከብደው ተማሪ ብዙ ነው፤ ይህ ገና በቅበላው ወቅት በግልጽ ሊነገር ይገባል። የማይፈልገው ሰው በዘርፉ ውስጥ ሌላ መንገድ አለው፦ በሰዎች ላይ በኤምአርአይ ምስልና የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በሚመዘግበው ኢኢጂ ማጥናት፣ 302 የነርቭ ሕዋሳት ብቻ ባሏት ሲ ኤለጋንስ በምትባል ትንሽ ትል ላይ መሥራት፣ ወይም የሒሳብ ሞዴሎችን መገንባት ይቻላል።

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት አካባቢ በአሜሪካው ሥርዓት የብቃት ፈተና አለ፤ ተማሪው የምርምር ዕቅዱን ጽፎ በኮሚቴ ፊት ያስረዳል። የመመረቂያ ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ለጆርናል የታተሙ ወይም የተዘጋጁ ጥቂት ጥናቶችን ከመግቢያና ከማጠቃለያ ጋር አያይዞ ይይዛል። የመጨረሻው ምዘና በእንግሊዝ ከፈታኞች ጋር በዝግ ክፍል ሲካሄድ፣ በኔዘርላንድ ግን ቤተሰብና ወዳጅ የሚገኙበት ሕዝባዊ ሥነ ሥርዓት ነው።

ከተመረቁ በኋላ በዩኒቨርሲቲ ለመቅረት የሚሹ ብዙውን ጊዜ ለጥቂት ዓመታት በድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪነት ይሠራሉ። ቋሚ የመምህርነት ቦታ ከተመራቂው ቁጥር ስለሚያንስ በርካቶች ወደ መድኃኒት ኩባንያዎች፣ ወደ መረጃ ትንተና፣ ወደ ሳይንስ ጽሑፍ አርትዖትና ወደ መንግሥት የምርምር ተቋማት ይሄዳሉ። ተመራቂው ቤተ ሙከራውን ከመልቀቁ በፊት ግን አንድ ሥራ ይቀረዋል። የሙከራ መዝገቦቹንና የኮምፒውተር ፋይሎቹን በቅደም ተከተል አስቀምጦ፣ ከሚተካው ተማሪ ጋር በቀይ ብርሃን ክፍል ውስጥ ቆሞ፣ አይጧ ሳትደነግጥ በሁለት መዳፍ እንዴት እንደምትነሣ ያሳየዋል።