«ሥራዬ ይመሰክርልኛል» እና ሌሎች የደረጃ ዕድገት የተሳሳቱ እምነቶች

በሰው ሀብት አስተዳደር ሥራ ላይ የቆየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ቅሬታ አለ። የደረጃ ዕድገቱ ለሌላ ሰው ከተሰጠ በኋላ አንድ ሠራተኛ ቢሮ ይገባና «እኔ ስሠራ መኖሬን ሁሉም ያውቃል» ይላል። የክፍት መደቡ የውስጥ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ በነበረበት ጊዜ ተመዝግቦ እንደሆነ ሲጠየቅ ግን «ይጠሩኛል ብዬ ነው» ብሎ ይመልሳል። ይህን መልስ መስማት እንደሰለቸኝ አልደብቅም፤ ከጀርባው ያሉትን የተሳሳቱ እምነቶችም አንድ በአንድ ማንሣት ይገባል።

«የእርከን ጭማሪ ካገኘሁ አድጌያለሁ።» አላደጉም። እርከን በያዙት ደረጃ ውስጥ የሚጨመር ደመወዝ ሲሆን፣ መደቡም ኃላፊነቱም እንደነበረ ይቀጥላል።

«ሁለተኛ ዲግሪ ስይዝ ደረጃዬ ይስተካከላል።» በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተመዝኖ ደረጃ የሚወጣለት የሥራ መደቡ ነው። ክፍት መደብ ከሌለ፣ ወይም የትምህርት ዝግጅቱ መደቡ ከሚጠይቀው ተፈላጊ ችሎታ ጋር ካልተዛመደ፣ ብዙ ገንዘብና ዕንቅልፍ የፈጀው ዲግሪ ማህደር ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ስለዚህ ለትምህርት ከመመዝገብ በፊት የሚፈልጉትን መደብ የሥራ ዝርዝር ማንበብ ይቀድማል። ዝርዝሩ በሰው ሀብት ክፍል ይገኛል፤ መጥቶ የሚጠይቅ ሰው ግን እምብዛም አይታይም።

«ጎበዝ ከሆንኩ ሥራዬ ራሱ ይመሰክርልኛል።» ከሁሉም የሚያስቸግረኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚጎዳው ሰነፉን ሳይሆን ታታሪውን ሠራተኛ ነው። የዕድገት ኮሚቴ ከተለያዩ ክፍሎች የተውጣጡ ሰዎች የሚቀመጡበት ነው። አብዛኞቹ ተወዳዳሪውን በመልክ ቢያውቁት እንኳ ምን እንደሚሠራ በቅርብ አያውቁም፤ የሚያውቅ ቢኖርም ቃለ ጉባኤ ላይ ሊያሰፍር የሚችለው በማስረጃ የተደገፈውን ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው ማህደር ሲሆን፣ በውስጡም የቅጥር ደብዳቤ፣ የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃ፣ የአፈጻጸም ምዘና ውጤት፣ አንዳንዴም የምስጋና ወይም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይገኛል። ማህደሩ ውስጥ የሌለ ድካም ለኮሚቴው እንዳልተደከመ ይቆጠራል።

አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ አስታውሳለሁ። ለዓመታት ሲንከባለል የመጣውን የሞዴል 19 (የንብረት ገቢ) እና የሞዴል 22 (የንብረት ወጪ) ደረሰኝ የመጋዘን ሚዛን ከሚመዘገብበት ስቶክ ካርድ ጋር እያመሳከረ ልዩነቱን ለይቶ ያወጣ ሰው ነው፤ ያን ዓመት የንብረት ቆጠራው ያለ ጭቅጭቅ ያለቀው በእሱ ድካም ነበር። የቡድን መሪነት መደቡ ክፍት ሆኖ ሲወዳደር ማህደሩን ገልጠን ስናይ ስለዚህ ሥራ አንዲት መስመር የለችም። የአፈጻጸም ቅጹ ላይ «የሠራተኛው አስተያየት» በሚለው ቦታ «የለኝም» ብሎ ፈርሟል። ተፎካካሪው በችሎታ ከእሱ ያነሰ ቢሆንም በየሩብ ዓመቱ ምን እንደሠራ በግማሽ ገጽ ጽፎ ለኃላፊው በግልባጭም ለእኛ ያስገባ ነበር። መደቡን የወሰደው ይህኛው ነው። ውጤቱ አላስደሰተኝም፤ ነገር ግን በእጃችን ባለው ወረቀት መሠረት ትክክል ነበር።

ስለዚህ የምዘና ቅጹን ሳያነቡ አይፈርሙ። የአስተያየት ቦታው የተተወው እንዲጻፍበት ነው። «ታታሪ ነኝ» የሚል ሐተታ ለማንም አይጠቅምም፤ ከእርስዎ በፊት ሥራው እንዴት ይከናወን እንደነበረና አሁን እንዴት እንደሚከናወን በሁለት መስመር ማስፈር በቂ ነው። ኃላፊዎም በየጊዜው ይቀያየራል፤ ድካምዎን የሚያውቀው ሰው ተዛውሮ ሲሄድ አዲሱ ኃላፊ የሚያገኘው ያንኑ ቅጽ ነው።

«ስለ ሠራሁት መናገር ማሽቃበጥ ነው።» አሽቃባጭ ስለ አለቃው ያወራል፤ እርስዎ ስለ ሥራው ሪፖርት ያድርጉ። ልዩነቱን ለማየት የሚቸገር ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም፤ ይሉኝታን ሰበብ የሚያደርግ ግን ብዙ አለ።

«ከመደቤ ውጭ ያለ ሥራ መቀበል መበዝበዝ ነው።» በቃል ብቻ ከተሰጠ አዎን፣ ወደዚያ ያደላል። ኃላፊው ለዕረፍት ሲወጣ ቦታውን ሸፍኖ የሚቆይ ሰው የውክልና ደብዳቤ ሊጠይቅ ይገባል፤ ደብዳቤው ከሌለ፣ በኋላ «በውክልና መርቻለሁ» ቢል የሚያስረዳበት ነገር የለውም። ደብዳቤው ካለ ግን ያልለመዱትን ኃላፊነት ለመልመድ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም።

«የሥራ ልምድ ማስረጃ የሚጠየቀው ሥራ ሲለቀቅ ነው፤ እሱም የአሠሪው በጎ ፈቃድ ነው።» የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚመለከታቸው ሠራተኞች ይህን እርግፍ አድርገው ሊተዉት ይገባል። አዋጁ አሠሪው የሥራ ውል ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ሥራ ላይ እያሉ መጠየቅ ይቻላል፤ የሥራ ድርሻዎ በተቀየረ ቁጥር መጠየቅም ብልህነት ነው።

የመጨረሻው «ያለ ዘመድ አይሆንም» የሚለው ነው። አድልዎ የለም ብዬ ማንንም አላሞኝም፤ አይቻለሁ። ሆኖም በመንግሥት መሥሪያ ቤት የደረጃ ዕድገት ላይ ቅሬታ ያለው ሠራተኛ ጉዳዩን ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ማቅረብ ይችላል። ቅሬታው ሲታይ በመጀመሪያ የሚመረመረው የተወዳዳሪዎች ዝርዝር ነው፤ ያልተመዘገበ ሰው ደግሞ በዘመድ ተበልጫለሁ ቢል እንኳ የሚነጻጸርበት ነጥብ አይኖረውም።