ቅርጫ በጎመን፦ በማኅበረሰብ የሚደገፍ እርሻ ምንድን ነው?

ለፋሲካ ቅርጫ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው ግማሹ ገብቷችኋል። እኛ ግቢ፣ አራት ኪሎ፣ ብሩ ቀደም ብሎ ይዋጣል፣ በሬው ይገዛል፣ ሌሊት ታርዶ ሥጋው ላስቲክ ላይ በየመደቡ ይከፋፈላል፣ ጉበቱም ጨጓራውም ሳይቀር ለሁሉም ይዳረሳል፣ ከዚያ ዕጣ ነው። "የኔ አጥንት በዛበት" ብሎ የሚያጉረመርም አይጠፋም። ብዙ ጊዜ እኔ ነኝ።

በማኅበረሰብ የሚደገፍ እርሻም ይኸው ነው፤ የምትካፈሉት ግን የአንድ ገበሬ ማሳ ላይ የሚበቅለውን ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር ነው። አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በሬውን ቆሞ ታዩታላችሁ፣ ሻኛውን ዳስሳችሁ ትገዛላችሁ። እዚህ ብሩን ስትከፍሉ ጎመኑ ገና ዘር ነው።

ገበሬው ከወቅቱ በፊት ወጪውን ይደምራል፤ ዘሩን፣ ማዳበሪያውን፣ የቀን ሠራተኛውን፣ ማጓጓዣውን፣ የራሱንም ድካም። 600,000 ብር መጣ እንበል። 50 ቤተሰብ ከገባ ለአንዱ 12,000 ይደርሰዋል፤ ምርቱ ለ20 ሳምንት ከተሰበሰበ በሳምንት 600 ብር ማለት ነው። በየሳምንቱ የደረሰው ተለቅሞ በ50 ይከፈላል፣ አንድ ቦታ ይራገፋል፣ ሄዳችሁ ትወስዳላችሁ። ገበሬው ብሩን የሚያገኘው በጨነቀው ሰዓት፣ ዘር ሲገዛ ነው። አራጣ አይበደርም፣ ደላላ በቆረጠለት ዋጋም አይሸጥም። እናንተም ሁዳዴ ገባ ተብሎ ዋጋ ሲሰቀል አይመለከታችሁም፤ ከፍላችኋላ።

አሁን ወደማይወደደው። በረዶ ቲማቲሙን ከመታው ቲማቲም የለም፣ ብራችሁም አይመለስም። ሰላጣው ከሰመረለት ደግሞ በዚያው ብር ሰላጣ በሰላጣ ትሆናላችሁ። ማማረጥ የለም። ሦስት ሳምንት በተከታታይ ቆስጣ ሊመጣ ይችላል። የእኩል ሲያሳርስ የኖረ ሰው ይሄ አይገርመውም፤ ባለመሬቱም አራሹም የሚካፈሉት የወጣውን ነው፣ ካልወጣ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ናቸው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ጃፓን ውስጥ የፀረ ተባይ መድኃኒት ነገር ያሳሰባቸው ሸማቾች፣ በተለይ እናቶች፣ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ "ቴይኬ" እያሉ ከገበሬ ጋር በቀጥታ መዋዋል ያዙ። ጄኔቫ በ1978 ተከተለች። አሜሪካ በ1986 በሁለት እርሻዎች ጀመረች፣ አንዱ ማሳቹሴትስ፣ ሌላው ኒው ሃምፕሸር።

እኛስ? አትክልት ተራ ፒያሳ እያለ በእግር ወርደን ዘንቢል ሞልተን እንመለስ ነበር። በ2012 በኮሮና ምክንያት ጃንሜዳ ገባ፣ ቀጥሎ ኃይሌ ጋርመንት። አሁን አራት ኪሎ ጉሊት ላይ የማነሳው ጎመን ስንት እጅ እንዳለፈ እንጃ። በተበከለው አቃቂ ወንዝ ጠጥቶ ያደገ ይሁን አይሁን ሻጯም አታውቅም። ከሱሉልታ ወይም ከሆለታ ገበሬ ጋር ብዋዋል ግን ማሳው ድረስ ሄጄ ውኃው ከየት እንደሚመጣ አያለሁ።

እንዲህ ያለ ነገር ካገኛችሁ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ስንት ዓይነት አትክልት እንደሚዘራ ጠይቁ። አንድ ዓይነት ብቻ ከሆነ በአንድ በረዶ አለቀላችሁ። የሳምንቱ ድርሻ ከበዛባችሁ ደግሞ ብዙ ቦታ ግማሽ ድርሻ ይሸጣሉ። እኔ ብገባ ከጎረቤቴ ጋር ለሁለት ነው። እሷ ቆስጣ ትወዳለች።