የሐይቅ ዳር ቤት ስትገዛ መሬቱ የማን ነው?

ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣን ጓደኛዬ ስልኩን ዘረጋልኝ። ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ አጠገብ የሚሸጥ ቤት ነው። ከበረንዳው ውሃው ይታያል። ደላላው «መሬቱም የራስህ ነው» ብሎታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የምትገዛው ቤቱን ነው። አብሮ የሚተላለፍልህ በመሬቱ የመጠቀም መብት ነው። የከተማ መሬት ለተወሰነ ዘመን በኪራይ በሚሰጥበት የሊዝ አዋጅ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 721/2004፣ ለመኖሪያ ቤት ይህ መብት 99 ዓመት ነው። ግን ሻጩ መሬቱን በሊዝ የያዘው ከሆነ፣ ቆጠራው አንተ ከገዛህበት ቀን አይጀምርም። ሻጩ የሊዝ ውሉን ከ15 ዓመት በፊት ከፈረመ፣ ላንተ የሚተርፈው 84 ነው። ስለዚህ የሊዝ ውሉን ራሱን አሳዩኝ በል፤ የካርታ (የይዞታ ማረጋገጫ) ፎቶኮፒ ብቻ አይበቃም። ያልተከፈለ የሊዝ ክፍያ ካለም ማን እንደሚከፍለው አስቀድማችሁ ጨርሱ።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ «የገበሬ መሬት ነው፣ በውል እንጨርሳለን» የሚባለው ነው። ገበሬው የመጠቀም መብት እንጂ የመሸጥ መብት የለውም። በሽማግሌ ፊት የተፈረመች ወረቀት፣ አምስት ምስክር ቢኖራት እንኳ፣ ባለቤት አታደርግህም። ሰው የዕድሜ ልክ ቁጠባውን የሚያጣው እንዲህ ነው።

ጓደኛዬ ቀብድ ሊልክ ጣቱ ስልኩ ላይ ነበር። መጀመሪያ የከተማው መሬት አስተዳደር ሄዶ የካርታውን ቁጥር፣ ዕዳና እገዳ መኖሩን እንዲያጣራ ለመንኩት። ሰኞ ጠዋት አብረን እንሄዳለን።